ብረት ሲደክም ማን ይጠየቃል?

ሳይንስ የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባደረገው ረጅም ትግል በሥራ ያፈራው እውቀት ነው። ይህ አባባል በተደጋጋሚ የተነገረ ቢሆንም፣ ትርጉሙ ጎልቶ የሚታየው እውቀቱ በቀጥታ የሰውን ሕይወት በሚነካበት ቦታ ላይ ሲመረመር ነው። ዛሬ በዚህ አምድ የምንመለከተው ጉዳይ በአንድ በኩል የብረት ሠራተኛው በየዕለቱ በእጁ የሚያውቀውን የብረት ጠባይ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከሕክምና ዘርፎች ሁሉ እጅግ ውስብስብ ከሆኑት አንዱ የሆነውን የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያገናኝ ነው። ሁለቱ የተገናኙት ከክብሪት እንጨት በማትበልጥ አንዲት የብረት ሽቦ ላይ ነው። ያቺ ሽቦ በሰዎች ደረት ውስጥ በመሰበሯ በመቶ የሚቆጠሩ ሕሙማን ሕይወታቸውን አጥተዋል። ሽቦዋ ለምን ተሰበረች? መሰበሯ አስቀድሞ ሊታወቅ አይችልም ነበር ወይ? ተጠያቂውስ ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በተራ እንመረምራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን ከወዲሁ እናሳስባለን።

የብረት ድካም ምንድን ነው?

በጋራዥ፣ በብየዳ ቤት ወይም በቶርኖ ላይ የሚሠራ ሠራተኛ ሁሉ አሳምሮ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ጠንካራ ሽቦን በሁለት ጫፉ ይዞ በአንድ ጊዜ ስቦ ለመበጠስ የሚሞክር ሰው ጉልበቱን ይጨርሳል እንጂ ሽቦው አይበገርለትም። ያንኑ ሽቦ ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ያጠፈው እንደሆነ ግን ብዙም ሳይቆይ ለሁለት ተከፍሎ በእጁ ላይ ይቀራል። የከባድ መኪና ባሌስትራም እንዲሁ ነው። ባሌስትራ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ መኪናው ከአቅሙ በላይ በተጫነበት በአንዲት ቀን አይደለም። በኮረኮንቹ መንገድ ለዓመታት ሲነጥርና ሲጎብጥ ቆይቶ፣ አንድ ቀን በቀላል ጭነት ላይ ሳለ ነው። ሹፌሩ “ዛሬ ምን ነክቶት ተሰበረ?” ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ግን ዛሬ ብቻ አይደለም፤ ትናንትና ከትናንት በስቲያ፣ ከዚያም በፊት የደረሰበት ሁሉ ነው።

የምሕንድስና ሳይንስ ይህንን ክስተት የብረት ድካም ይለዋል። በብረቱ ገጽ ላይ ወይም በብየዳው ውስጥ በዓይን የማትታይ አንዲት ስንጥቅ ትፈጠራለች። ጭነቱ በመጣና በሄደ ቁጥር ስንጥቋ ከፀጉር ክር በቀጠነ ልክ ወደ ውስጥ ትገፋለች። ብረቱ ከውጭ ሲታይ እንደ ትናንቱ ሙሉ ነው፤ በውስጡ ግን ተሸካሚው ክፍል እየጠበበ ሄዷል። በመጨረሻም የቀረው ክፍል ጭነቱን መሸከም ሲሳነው በቅጽበት ይሰበራል። ትንንሽ መጠናዊ ለውጦች ሳይታዩ ተጠራቅመው በድንገት ወደ ዓይነታዊ ለውጥ እንደሚሸጋገሩ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

እውቀቱ አዲስ አይደለም። በ1842 በፈረንሳይ አገር ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር አክስሉ ተሰብሮ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል። ይህንና ይህን የመሳሰሉ አደጋዎች ባስነሡት ጥያቄ፣ አውጉስት ቨለር የተባለው የፕሩሲያ የባቡር መሐንዲስ ከ1850ዎቹ ጀምሮ እስከ 1870 ድረስ አክስሎችን በመሣሪያ ላይ ደጋግሞ እያሽከረከረና እያጎበጠ ሞከረ። የደረሰበትም መደምደሚያ፣ አንድ ብረት በአንድ ጊዜ ሊሸከመው ከሚችለው እጅግ ባነሰ ጭነት፣ ጭነቱ በበቂ መጠን ከተደጋገመ ሊሰበር ይችላል የሚል ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1954 ኮሜት የተባሉት የእንግሊዝ ጄት አውሮፕላኖች ሁለቱ በጥቂት ወራት ልዩነት በአየር ላይ ተበታትነው በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ወደቁ። መርማሪዎች የአንዱን አውሮፕላን አካል በትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው በውስጡ ያለውን ግፊት ደጋግመው ከፍና ዝቅ ሲያደርጉት፣ አካሉ በድካም ምክንያት ተቀደደ።

ይህንን ታሪክ የምንጠቅሰው ያለምክንያት አይደለም። የብረት ድካም ሕግ ከልብ ክዳን ስብራት ብዙ አሥርተ ዓመታት አስቀድሞ የታወቀ፣ የተጻፈና ለተማሪዎች የሚሰጥ ትምህርት እንደነበር ለማስገንዘብ ነው።

ልብና ክዳኖቿ

ልብ ደምን ወደ መላው አካል የምትረጭ ፓምፕ ናት። በውስጧም ደም ወደፊት እንጂ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚጠብቁ፣ በተለምዶ ቫልቭ የሚባሉ አራት ክዳኖች አሏት። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ትመታለች ብንል በቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ፣ በዓመት ደግሞ ወደ 37 ሚሊዮን ጊዜ ትመታለች ማለት ነው። ክዳኖቹም በዚያው ልክ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በሥራ ላይ ያለ ማሽን ሁሉ ለቅባት፣ ለጥገና ወይም ለእረፍት የሚቆምበት ጊዜ አለው። ልብ ግን የእረፍት ቀን የላትም።

አንድ የልብ ክዳን በበሽታ ሲበላሽ፣ ሲጠብብ ወይም ሲያፈስ በሰው ሠራሽ ክዳን ሊተካ የሚችለው በሐኪም እውቀት ብቻ አይደለም። በ1960 በአሜሪካ በኦሪገን ክፍለ ግዛት ቀዶ ሐኪሙ አልበርት ስታርና መሐንዲሱ ሎዌል ኤድዋርድስ በአንድነት የሠሩት የብረት ቀፎና ኳስ ያለው ክዳን በበሽተኛ ልብ ውስጥ በሚገባው ቦታ ተተክሎ ውጤት አስገኘ። ኤድዋርድስ ቀደም ሲል ለአውሮፕላን የነዳጅ ፓምፕ የሠራ፣ የፈሳሽን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። የፋብሪካና የሆስፒታል እውቀት የተለያዩ ዓለማት አለመሆናቸውን ይህ ብቻ በበቂ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ አንዱ ችግር ሲፈታ ሌላው ብቅ ማለቱ አልቀረም። በአንዳንድ ክዳኖች ውስጥ የነበረው የሲሊኮን ጎማ ኳስ ከደም ውስጥ ስብ እየመጠጠ ያብጥና ይሰነጠቅ ጀመር። ከዚህም ሌላ ደም ባዕድ ነገር ሲነካ የመርጋት ጠባይ ስላለው፣ በክዳኑ ላይ የረጋው ደም ተቆርጦ ወደ አንጎል ሲሄድ ሽባነትን ወይም ሞትን ያስከትላል። በመሆኑም ተመራማሪዎች ደም በቀላሉ የሚያልፍበት፣ የማይረጋበትና የማያረጅ ክዳን ፍለጋቸውን ቀጠሉ። ለኑክሌር ነዳጅ ቅንጣቶች ሽፋን እንዲሆን የተጠና ልዩ የካርቦን ዓይነት ደምን እንደማያውክና እንደማይፋቅ የታወቀውም በዚሁ ዘመን፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚተከሉት ሰው ሠራሽ ጠንካራ ክዳኖች አብዛኞቹ ከዚህ ካርቦን የተሠሩ ናቸው።

“እየተማሩ ማትረፍ”

በ1969 የስዊድኑ ቀዶ ሐኪም ቪኪንግ ቢዮርክና አሜሪካዊው መሐንዲስ ዶናልድ ሻይሊ አዲስ ዓይነት ክዳን አቀረቡ። ይህ ክዳን ከብረት ቀለበትና በሁለት የሽቦ ድጋፎች መካከል ተይዞ ከሚያጋድል ክብ ሰሌዳ የተሠራ ነበር። ደም ሲገፋው ሰሌዳው ያጋድላል፣ ደም ሊመለስ ሲል ይዘጋል። ክዳኑ በብዙ አገሮች ተቀባይነት አገኘ። ደም የመርጋቱ ችግር ግን ሙሉ በሙሉ ስላልተወገደ፣ ሰሌዳው ጎበጥ ብሎ የበለጠ እንዲከፈት ተደርጎ አዲስ ሞዴል ተነደፈ። ይህ ሞዴል በ1979 በአሜሪካ መንግሥት የሽያጭ ፈቃድ ተሰጠው። በዚያው ዓመት አምራቹ የሻይሊ ኩባንያ ፋይዘር በተባለው ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ ባለቤትነት ሥር ገባ።

አዲሱ ሞዴል ከኮባልትና ከክሮምየም ቅይጥ የተሠራ ነበር። ቅይጡ ጠንካራ እንደሆነ የሚያጠያይቅ አልነበረም። ችግሩ ያለው ከአሠራሩ ላይ ነው። ከሁለቱ ድጋፎች አንደኛው ከቀለበቱ ጋር ወጥ ሆኖ ሲሠራ፣ ሁለተኛው ግን የታጠፈ ሽቦ ሆኖ ሁለት እግሮቹ በቀለበቱ ላይ በብየዳ የተያያዙ ነበሩ። ሰሌዳው በሚዘጋበት ጊዜ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ዞሮ የዚህን ሽቦ ጫፍ ይመታል። ይህ ምት ሽቦውን ያጎብጠዋል፤ ጉብጠቱ ደግሞ የሚያርፈው ከብየዳው ላይ ነው። ምቱ በአንድ ጊዜ ሲታይ ኢምንት ነው። በቀን 100,000 ጊዜ ሊደጋገም የሚችል መሆኑ ሲታሰብ ግን ቨለር ስለ ባቡር አክስል የተናገረው ሁሉ በሰው ልብ ውስጥ ተፈጸመ ማለት ነው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ አንደኛው እግር ቀድሞ ሲሰበር በሽተኛው ምንም ምልክት የማይሰማው መሆኑ ነው። ሁለተኛው እግር ሲከተል ሰሌዳው ከቦታው ወጥቶ በደም ይወሰዳል፤ ልብም ክዳን አልባ ትሆናለች። ይህ ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሞተዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ “ይህ የታወቀው ከአደጋው በኋላ አይደለም ወይ?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አዎን፣ ዝርዝሩ የታወቀው በኋላ ነው። ነገር ግን ክዳኑ ገና የሽያጭ ፈቃድ ሳያገኝ በሙከራ ላይ ሳለ አንድ ስብራት ደርሶ ነበር። ይህም እንደ ተናጠል አጋጣሚ ተቆጥሮ ታለፈ። ሽያጩ ተጀምሮ ስብራት በስብራት ላይ ሲደራረብም፣ አምራቹ የብየዳውን አሠራር በየጊዜው እየለዋወጠ ክዳኑን መሸጡን አላቆመም። ከሌላው የበለጠ የሚያጋድለውና የበለጠ ይሰበር የነበረው ባለ 70 ዲግሪ ሞዴል በአሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ሳያገኝ በሌሎች አገሮች ተሽጧል። በ1986 ክዳኑ ከገበያ እስከወጣበት ጊዜ ድረስ በዓለም ዙሪያ በ86,000 ያህል ሰዎች ልብ ውስጥ ተተክሎ ነበር።

በ1990 የአሜሪካ ምክር ቤት አንድ ንኡስ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ ባወጣው ሪፖርት ርእስ ላይ “እየተማሩ ማትረፍ” የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ ተቀምጧል። ይህ ሐረግ የነገሩን ፍሬ ሐሳብ በጥቂት ቃላት ጨምቆታል ለማለት ይቻላል፤ ትርፉ የኩባንያው ሲሆን የትምህርቱ ዋጋ የተከፈለው ግን በበሽተኛው ነው። በ1994 ደግሞ ኩባንያው ፈቃድ ለማግኘት እውነቱን ደብቋል በሚል መንግሥት ላቀረበበት ክስ 10.75 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በስምምነት ጉዳዩን ዘግቷል።

ስሕተቱ ከየት ላይ ነው?

ይህንን ታሪክ ሲሰሙ በችኮላ ወደ ሁለት የተሳሳቱ መደምደሚያዎች የሚደርሱ አሉ። አንደኞቹ “ሰው ሠራሽ ነገር ከፈጣሪ ሥራ ጋር ሊወዳደር አይችልም፤ ሳይንስ ራሱ ነው ጥፋተኛው” ይላሉ። ይህ አመለካከት የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው። ለዚህ ማስረጃው ከዚያው ክዳን ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ሁለቱም ድጋፎች ከአንድ ወጥ ብረት ተፈልፍለው፣ ያለ ብየዳ የተሠሩበት ተከታይ ሞዴል ቀርቦ ነበር። በዚህኛው ሞዴል ላይ ያ የድጋፍ ስብራት አልተመዘገበም። ችግሩን የፈጠረው ሳይንስ አልነበረም፤ መፍትሔውን ያስገኘው ግን ሳይንስ ነው።

ሁለተኞቹ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በበያጁ ላይ ይጭናሉ። “ብየዳው ሰነፍ ነበር” ብለው ነገሩን ይዘጋሉ። በያጅ ሥራውን በጥንቃቄ መሥራት እንዳለበት ማንም አይክድም። ነገር ግን በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ፍጥነቱን የሚወስነው፣ ስንጥቅ የታየበት ዕቃ ይጣል ወይስ ይታለፍ የሚለውን የሚበይነው፣ የስብራት ዘገባ ሲደርሰው ሽያጩን የማቆም ሥልጣን ያለው በያጁ አይደለም። ሥልጣን ያለው ከላይ ሆኖ ሳለ ጥፋቱ ወደ ታች ሲወርድ፣ ይህ ፍርድ ሳይሆን ማምለጫ ነው።

በእኛ እምነት መሠረታዊው ስሕተት ያለው ከመርማሪውና ከተመርማሪው ግንኙነት ላይ ነው። ሻጩ ራሱ የዕቃው መርማሪ፣ ራሱ የአደጋው መዝጋቢ፣ ራሱም የመዝገቡ ጠባቂ በሆነበት ቦታ እውነት ዘግይታ ትመጣለች። ይህ ደግሞ በአንድ አገር ወይም በአንድ ዓይነት የሀብት ባለቤትነት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ፋብሪካው የግልም ይሁን የመንግሥት፣ ኮታውን ለመሙላት የሚሯሯጥ ኃላፊ የራሱን ስሕተት ራሱ እንዲያጋልጥ መጠበቅ የዋህነት ነው። ከአምራቹ ነጻ የሆነ መርማሪ፣ ስብራትን ለመደበቅ ሳይሆን ለመቁጠር የተቋቋመ መዝገብ፣ ያየውን ለመናገር የማይፈራ ሠራተኛና ሐኪም ያስፈልጋሉ። አሜሪካም በዚያው በ1990 ባወጣችው ሕግ ሆስፒታሎች በሕክምና መሣሪያ ምክንያት የሚደርስን ሞት እንዲያሳውቁ፣ አምራቾችም ሕይወትን ይዘው በሰው ገላ ውስጥ የሚቀሩ መሣሪያዎች በማን ላይ እንዳሉ እንዲከታተሉ አስገደደች። ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ በተደነገገው የጥራት መለኪያ መሠረት አንድ ሰው ሠራሽ ጠንካራ ክዳን ለሰው ከመተከሉ በፊት በመሣሪያ ላይ 400 ሚሊዮን ጊዜ መከፈትና መዘጋት ይኖርበታል። ይህም ከአሥር ዓመት የልብ ምት ጋር የሚመጣጠን ነው።

በደረታቸው ይዘውት የቀሩት

ክዳኑ ከገበያ በወጣ ጊዜ ችግሩ አላበቃም። አንድ ጉድለት ያለበት መኪና ወደ ጋራዥ ይጠራል፤ ጉድለት ያለበት ክዳን ግን በሰው ልብ ውስጥ ነው ያለው። ሕሙማኑ ሌሊት በጸጥታ ሲተኙ የክዳናቸውን ድምፅ ይሰማሉ። ያ ድምፅ ቀድሞ የሕይወት ምልክት ነበር፤ ዜናው ከተሰማ በኋላ ግን የስጋት ምንጭ ሆነ።

ሐኪሞቹም ከከባድ ጥያቄ ጋር ተፋጠጡ። ክዳኑን ለማውጣት ደረትን እንደገና መክፈት ያስፈልጋል፤ ይህ ራሱ የሚገድል ሊሆን ይችላል። ባለበት ይቆይ ቢባል ደግሞ አንድ ቀን ሊሰበር ይችላል። የትኛው አደጋ ይበልጣል? መልሱ ለሁሉም አንድ አልነበረም። በኔዘርላንድ ይህ ክዳን የተተከለላቸውን ከ2,300 በላይ ሕሙማን በመከታተል የተደረገ ጥናትና ሌሎችም ምርምሮች፣ አደጋው በክዳኑ ስፋት፣ በተተከለበት ቦታና በሕመምተኛው ዕድሜ እንደሚለያይ አሳዩ። ትልልቆቹ ክዳኖችና ወጣቶቹ ሕሙማን ለስብራት ይበልጥ የተጋለጡ ነበሩ፤ የወጣት ልብ በኃይል ስለምትመታ። በራጅ ምርመራ አንደኛው እግር የተሰበረውን ለይቶ ሁለተኛው ሳይከተል ለማውጣትም ጥረት ተደርጓል።

የውስብስብ ሕክምና ትርጉም እዚህ ላይ ነው። ቀዶ ሐኪሙ፣ የብረት መሐንዲሱ፣ የራጅ ባለሙያውና የስታቲስቲክስ ተመራማሪው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ካልተቀመጡ ለአንድ ሰው የሚሆን ትክክለኛ ውሳኔ ሊገኝ አይችልም። የመዝገብ ጸሐፊውም ሥራ ከእነርሱ የሚያንስ አልነበረም። ክዳኑ የተተከለላቸው ሰዎች ስምና አድራሻ በተሟላ ሁኔታ ባለመያዙ፣ ማስጠንቀቂያው ሊደርሳቸው ይገባ የነበሩ ብዙዎችን ማግኘት አስቸግሯል።

የእኛ አገር ሁኔታ

“ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?” የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። በአገራችን የልብ ክዳንን ከሚያበላሹ በሽታዎች ዋነኛው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ይህ በሽታ የሚጀምረው ከልብ አይደለም። ሕፃናትን ከሚያጠቃ የጉሮሮ ሕመም ነው። በባክቴሪያ ምክንያት የተነሣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያስከትላል። ገላ ከበሽታ ጋር የሚያደርገው ትግል በስሕተት በራሱ የልብ ክዳን ላይ ይዞራል። ጉሮሮው በደገመው ቁጥር ክዳኑ እንደገና ይጎዳል። እዚህም ያው የመደጋገም ሕግ ነው የሚሠራው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 55 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸውና በየዓመቱ 360,000 ያህሉ እንደሚሞቱ ይገምታል። በሽታው የሚበረታው ቤተሰብ በጠባብ ቤት ተጨናንቆ በሚኖርበትና ጤና ጣቢያ በራቀበት ቦታ ነው። የድኻ በሽታ ያሰኘውም ይኸው ነው።

በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው የልብ ሕክምና ማዕከል ሕዝብ ከኪሱ እያዋጣ ጭምር የደገፈው ነው። ይሁንና ለቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቁት ሕሙማን ብዙ ናቸው። ተራው የደረሳቸውም ቢሆኑ ከባድ ምርጫ ይጠብቃቸዋል። ጠንካራው የካርቦን ክዳን ለረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ነገር ግን ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት ዕድሜ ልክ መዋጥንና ደምን በየጊዜው ማስመርመርን ይጠይቃል። መድኃኒቱ ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ደም ይፈሳል። ላቦራቶሪ በሌለበት ገጠር ለሚኖር ወጣት ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ለመውለድ ለምታስብ ሴት ደግሞ መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ችግሩ እጥፍ ነው። ከእንስሳ ሥጋ የሚሠራው ክዳን ይህንን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ አይጠይቅም፤ ግን በወጣቶች ገላ ውስጥ ቶሎ ያረጃል፤ ሲያረጅም ደረት እንደገና ይከፈታል። የራስን ክዳን መጠገን ሲቻል ተመራጭ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ሁለት ተግባሮች ከፊታችን ተደቅነዋል። የመጀመሪያው፣ ወደ አገር የሚገባና በሰው ገላ ውስጥ የሚቀር መሣሪያ ሁሉ በጥብቅ የሚመረመርበትንና የሚመዘገብበትን አሠራር ማጠናከር ነው። በ2019 የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የሕክምና መሣሪያዎችን ጭምር በቁጥጥር ሥር አድርጓል። አዋጅ ግን በወረቀት ላይ ብቻ ሲቀር ሽቦን ከመሰበር አያድንም። ብረትን የሚመረምር ላቦራቶሪ፣ በቴክኒክ ትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች የሠለጠነ የሰው ኃይል፣ ከሐኪም ጋር ቋንቋው የሚግባባ መሐንዲስ ያስፈልጉናል። ብየዳን የሚያውቅ ወጣት ነገ የሆስፒታል መሣሪያ መርማሪ ሊሆን የማይችልበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ተግባር ከዚህ ይበልጥ ቅርባችን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ክዳኑ ሳይበላሽ በሽታውን መከላከል ከሁሉ የቀለለና የረከሰ መንገድ ነው። በ2015 በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት አማካይነት የተሰባሰቡ ባለሙያዎች በሽታውን ከአፍሪካ ለማጥፋት ባወጡት መግለጫ ላይ፣ የሕሙማን መዝገብ መቋቋምና ፔኒሲሊን በየጤና ጣቢያው መገኘት ከዋና ዋናዎቹ ነጥቦች መካከል ነበሩ። በ2018ም የዓለም ጤና ጉባኤ በዚሁ ጉዳይ ላይ ውሳኔ አሳልፏል። ውሳኔው ወደ ተግባር የሚለወጠው ግን በመንደር ነው።

የነዋሪዎች ማኅበር አባላት፣ የእድር ሹማምንትና የሠራተኛ ማኅበራት በዚህ ረገድ ሊሠሩት የሚችሉት ብዙ ነው። ጉሮሮውን የሚያመውንና የሚያተኩሰውን ልጅ “ቶንሲል ነው፣ ይለቀዋል” ብሎ ከመተው ወይም በባህላዊ መንገድ ከማስቆረጥ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ ማስተማር አንዱ ነው። በሽታው አስቀድሞ ለያዛቸው ልጆች ሐኪም ያዘዘው የፔኒሲሊን መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት ሳይቋረጥ መሰጠት አለበት። አንድ ወር የተዘለለ መርፌ በዚያው ወር ጉዳቱ ላይታይ ይችላል፤ እንደ ሽቦዋ የመጀመሪያ ስንጥቅ ከውስጥ ሆኖ ቀኑን ይጠብቃል። በመንደሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ማኅበሩ ቀኑን አስታውሶ እናቱን “መርፌው ደርሷል ወይ?” ብሎ ቢጠይቅ፣ ይህ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ክዳን የተተከለለት ጎረቤት ካለም የተተከለለትን ዕቃ ዓይነትና ቁጥር የሚገልጸው ካርድ ከእጁ እንዳይጠፋ፣ የደም ምርመራውንም እንዳያስተጓጉል መምከርና ሲቸግረው በመጓጓዣ መርዳት ይገባል።

በርእሳችን ላይ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ብረት ሲደክም ማን ይጠየቃል? ብረት አይጠየቅም፤ ብረት የተፈጥሮን ሕግ ጠብቆ ነው የሚሰበረው። የሚጠየቀው ሕጉን እያወቀ ያላመዛዘነ፣ ስንጥቁን እያየ ያለፈ፣ መዝገቡን የደበቀ ነው። ይህንን ጥያቄ ለማንሣት የግድ መሐንዲስ ወይም ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሽቦ ደጋግሞ ያጠፈ ሰው ሁሉ የነገሩን መሠረት ያውቀዋል። የሠራተኛው የእጅ እውቀትና የተመራማሪው የመጽሐፍ እውቀት ሲገናኙ፣ በሁለቱም ላይ የሕዝብ ነጻ ቁጥጥር ሲታከልበት፣ የሰው ልብ በአስተማማኝ ክዳን ትጠበቃለች። ይህ እስኪሟላ ድረስ ግን ዛሬ ማታ በየቤታችን ጉሮሮውን የሚያመው ልጅ እንዳለና እንደሌለ መጠየቅ ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ ተግባር ነው።